ዝምታ የሚያስከፍልበት ቆጠራ

አንድ ባለሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር አለ እንበል። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 16፣ በድምሩ 32 ኮር አለው። ድርጅቱ ሰርቨሩን በሃይፐርቫይዘር ከፋፍሎ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ያሠራበታል። በፈቃድ የሚገዛ አንድ የአይቢኤም ሶፍትዌር የተጫነው ግን 4 ኮር በተመደበለት አንድ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ብቻ ነው። ድርጅቱ የፈቃድ ክፍያ የሚከፍለው ለ32ቱ ነው ወይስ ለ4ቱ?

የአይቢኤም መልስ «ለ4ቱ» ነው፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ደንበኛው አጠቃቀሙን ራሱ እየለካ በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። ማስረጃ ከሌለ ሒሳቡ በሙሉ አቅም ይሠራል። ለዚህ ልኬት የተዘጋጀው መሣሪያ ላይሰንስ ሜትሪክ ቱል ይባላል፤ ባለሙያዎች በአጭሩ አይኤልኤምቲ ይሉታል። መሣሪያው በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የሚሠራውም ቢግፊክስ በተባለው የኮምፒውተር ማስተዳደሪያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ቢግፊክስን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ገዝቶ በ2019 ለህንዱ ኤችሲኤል አስተላልፎታል።

የሒሳቡ መነሻ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ የዋለው ፒቪዩ የተባለ መለኪያ ነው። እያንዳንዱ ኮር እንደ ፕሮሰሰሩ ዓይነት ነጥብ ይሰጠዋል። በዘመናዊ ባለሁለት ሶኬት የኢንቴል ዚዮን ሰርቨር ላይ አንዱ ኮር 70 ነጥብ ነው። ስለዚህ ከላይ ያነሳነው ሰርቨር ሙሉ አቅሙ 2,240፣ ሶፍትዌሩ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ 280 ይሆናል። ድርጅቱ የሚቆጥበው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ቅናሹን ለማግኘት መሣሪያው ለቅናሹ ብቁ የሆነው የመጀመሪያው ሶፍትዌር ከተተከለ በ90 ቀን ውስጥ ሥራ መጀመር አለበት፤ ሪፖርት ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ ወጥቶ ለሁለት ዓመት መቀመጥ አለበት። ሪፖርቱ የሚይዘው አማካዩን ሳይሆን በጊዜው ውስጥ የታየውን ከፍተኛውን ቁጥር ነው።

መሣሪያው መረጃ የሚያገኘው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የሚጫነው ኤጀንት ነው፤ የተመደበውን አቅም በየ30 ደቂቃው፣ የተጫኑትን ሶፍትዌሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ይፈትሻል። ችግሩ ቨርቹዋል ማሽን ከውስጥ ሲታይ በየትኛው እውነተኛ ሰርቨር ላይ እንዳረፈ አለመታወቁ ነው። በዚያ ላይ ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2003 ቪሞሽንን ካወጣ ወዲህ ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ መረጃ ሰጪ ያስፈልጋል፤ እሱም እንደ ቪሴንተርና ሃይፐር-ቪ ያለው የቨርቹዋል ማሽኖቹ ማስተዳደሪያ ነው። አይኤልኤምቲ ከዚህ ማስተዳደሪያ ጋር ተገናኝቶ የትኛው ማሽን በየትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለና የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ ይጠይቃል።

ይህ ግንኙነት ሲቋረጥ መሣሪያው የሰርቨሩን ፕሮሰሰር ስለማያውቅ ለእያንዳንዱ ኮር 120 ነጥብ ይይዛል። ባለ 4 ኮሩ ማሽን ምንም ሳይለወጥበት ከ280 ወደ 480 ይወጣል። የባሰም አለ። በዚያው ሰርቨር ላይ ሶፍትዌሩን የጫኑ አሥር ባለ 4 ኮር ማሽኖች ቢኖሩ የተመደበው ድምር 40 ኮር ነው፤ ሰርቨሩ ግን ያለው 32 ብቻ ስለሆነ ሒሳቡ ከ2,240 አያልፍም። መረጃው ሲጠፋ ይህ ጣሪያም ይነሳል፤ እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው በተለየ ሰርቨር ላይ እንዳለ ይቆጠርና ድምሩ 4,800 ይደርሳል። በቅናሽ ተጀምሮ ከሙሉው ዋጋ ከእጥፍ በላይ የሚያልፍ ሒሳብ ማለት ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እዚህ ግን ዝምታ ይነቅዛል። የኮምፒውተሮች ጤና የሚታይበት የመሣሪያው ክፍል የተሠራውም ለዚህ ነው። ስንቱ ማሽን ደህና እንደሆነ፣ የስንቱ የአቅም ፍተሻ እንደዘገየ፣ ስንቱ ገና ጭራሽ እንዳልተፈተሸ፣ ስንቱ ከማስተዳደሪያው መረጃ እንዳላገኘ ለይቶ ያሳያል። ጤና ሲባል የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወይም የማሽኑ ፍጥነት አይደለም፤ ማሽኑ ስለራሱ የሚሰጠው መረጃ ወቅታዊና ሙሉ መሆኑ ነው። ሥራውን በሚገባ የሚሠራ፣ ተጠቃሚዎቹም የማያማርሩበት ሰርቨር በዚህ ገጽ ላይ ታማሚ ሊሆን ይችላል።

የዝምታው ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። የደህንነት ክፍሉ የቪሴንተሩን የይለፍ ቃል ይቀይርና ለፈቃድ ክፍሉ ሳይነግር ይቀራል። ዲስክ ይሞላና ፍተሻው ይቋረጣል። ፋየርዎል መንገዱን ይዘጋል። ከአገልግሎት የወጣ ማሽን ከዝርዝሩ ሳይሰረዝ ይቆያል። ቨርቹዋል ማሽን ሲባዛ የኤጀንቱ መለያ አብሮ ይቀዳና ሁለት ማሽኖች ይምታታሉ።

ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻም አይደለም። የሶፍትዌር ፍተሻው ያልተሳካ ማሽን ምንም እንዳልተጫነበት ሆኖ ይታያል፤ ሪፖርቱም ደስ በሚል ዝቅተኛ ቁጥር ይወጣል። ኦዲተሩ መጥቶ ሶፍትዌሩን ሲያገኘው ግን ያልተቆጠረው ይቆጠራል፤ ያኔ ድርጅቱ የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም። ያለፈውን ወር ተመልሶ መለካትም አይቻልም፤ መሣሪያው ማሽኖቹን የሚጠይቀው የዛሬውን ሁኔታ ነውና።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ልማድ ቀላል ነው። አዲስ ቨርቹዋል ማሽን ሲፈጠር ኤጀንቱ የሚጫንበት፣ ሲጠፋም ከዝርዝሩ የሚወጣበት ቋሚ አሠራር ይኑር። ለቪሴንተሩ ግንኙነት ለዚሁ ብቻ የሚያገለግል የማንበብ መብት ያለው መለያ ይሰጥ፤ ይለፍ ቃሉ ሲቀየር ማን ለማን እንደሚያሳውቅ አስቀድሞ ይወሰን። የጤናው ገጽ በየሩብ ዓመቱ ሳይሆን በየሳምንቱ ይታይ። ሪፖርት ላይ የሚፈርም ኃላፊም «ስንት ሆነ?» ከማለቱ በፊት «ስንቱ ማሽን አልመለሰም?» ብሎ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሚታመነው የሁለተኛው መልስ ዜሮ ሲሆን ወይም ለእያንዳንዱ ዝምታ የታወቀ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው።