ከጋዙ በፊት ኮንደንሰሩ

ኤሲው ማቀዝቀዝ ያቆመ አሮጌ መኪና ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ብዙ ጊዜ «ጋዙ አልቋል» ነው። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ሲዞር የሚኖር ነገር ስለሆነ፣ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳውን መድፈን ብቻውን አይበቃም፤ የተሠራለት አር-12 የተባለው ጋዝ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ መኪናው ወደ አር-134ኤ መቀየር አለበት። በእኔ እምነት ከዚህ ሥራ ሁሉ ቀላሉ ጋዙን መሙላት ነው። ቅየራው መሳካቱን የሚወስነው መኪናው ከውስጥ የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ውጭ ለመጣል ያለው አቅም ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ቢዘነጋ ብዙም አይፈረድበትም፤ የከተማዋ አየር ጉድለቱን ይሸፍንለታል።

አር-12 የተተወው በሥራው ታምቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ቶማስ ሚድግሊ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሲያዘጋጀው፣ በዘመኑ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የነበሩትን እንደ አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያሉ አደገኛ ጋዞች የሚተካ፣ የማይቃጠልና የማይመርዝ ግኝት ነበር። ጉዱ የወጣው በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች በውስጡ ያለው ክሎሪን ሰማይ ላይ የኦዞንን ንጣፍ እንደሚበላ ሲያሳዩ ነው። የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ተከተለ፤ የበለጸጉት አገሮች በ1995 መጨረሻ፣ ታዳጊዎቹ ደግሞ በ2010 ምርቱን እንዲያቆሙ ተወሰነ። መኪና አምራቾች ግን ቀነ ገደቡን አልጠበቁም፤ ከ1992 እስከ 1994 ባሉት ሞዴሎች ብዙዎቹ ወደ አር-134ኤ ተሻግረዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ላንድክሩዘር ያለው ሰው እንግዲህ ከዚህ መስመር ወዲያ ማዶ ነው።

ሁለቱ ጋዞች በጣም ይቀራረባሉ፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ መቀራረብ ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሁለቱም ግፊት 5.7 ባር ገደማ ነው፤ ጌጅ ቢለካቸው አይለያቸውም። ሙቀቱ ሲጨምር ግን አር-134ኤ ይቀድማል፦ 60 ዲግሪ ላይ አር-12 ወደ 15 ባር ሲደርስ እሱ 17 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ኮንደንሰር ማለት ራዲያተሩ ፊት ለፊት ተሰቅሎ የጋለውን ጋዝ ወደ ፈሳሽ የሚመልሰው ክፍል ነው፤ ምንጊዜም ከውጭው አየር በብዙ ዲግሪ ይሞቃል። አዲስ አበባ ጠዋት ላይ አየሩ 18 ዲግሪ ሆኖ ሲፈተሽ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፣ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል። ይኸው መኪና ወደ ጅቡቲ መንገድ ወርዶ ሚሌ ወይም ሎጊያ በእኩለ ቀን ከከባድ መኪናዎች ጀርባ ሲቆም ግን ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል ያቅተዋል፤ ግፊቱ ይወጣል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ይጨነቃል፣ ከዳሽቦርዱ የሚመጣው አየር ለብ ይላል። ያኔ «134 አያቀዘቅዝም» ይባላል። ያላቀዘቀዘው ግን ለአር-12 ተለክቶ የተሠራው ኮንደንሰር ነው።

ስለዚህ ለቅየራው ከተመደበው ገንዘብ ቀድሞ ሊወጣ የሚገባው ለኮንደንሰር ነው እላለሁ። የድሮው አንድ ረጅም ቱቦ እየተጠማዘዘ የሚወርድበት ነው። አዲሶቹ ጋዙን በብዙ ቀጫጭን ጠፍጣፋ መተላለፊያዎች በአንድ ጊዜ ያሳልፉታል፤ በዚያው ስፋት ብዙ ሙቀት ይጥላሉ። ኮንደንሰሩ ቢቀየር እንኳ ቬንትሌተሩ ደካማ ከሆነ ወይም በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ያለው ክፍተት አየሩን ወደ ጎን የሚያሾልክ ከሆነ ልፋቱ ግማሽ ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋ ስዊች ከሌለ ሊገጠም ይገባል። የጋዙም ልክ ይቀንሳል፦ መኪናው የሚይዘው አር-12 አንድ ኪሎ ከነበረ አር-134ኤ ከ800 እስከ 900 ግራም ይበቃዋል። እዚህ ላይ የድሮ ልማድ ያሳስታል። በአር-12 ጊዜ ድራየር በሚባለው እርጥበት የሚመጥ ክፍል ላይ ባለው መስታወት እያዩ አረፋው እስኪጠፋ መሙላት ያስኬድ ነበር፤ በተቀየረ መኪና ግን አረፋው እስኪጠፋ የጠበቀ ሰው ከልክ በላይ ሞልቶ ያገኘዋል። ሚዛን ላይ አድርጎ በግራም መሙላት ይሻላል።

ቀጥሎ ዘይቱ። የድሮው ማዕድናዊ ዘይት ከአር-134ኤ ጋር አይዋሃድም። ጋዙ ይዞት አይመለስም፤ የቤቱን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ሥር ይተኛና ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይሠራል። ለተቀየሩ መኪናዎች ኤስተር የሚባለው ዘይት ይመረጣል፤ የተረፈ አሮጌ ዘይት ቢያገኘው ብዙም አይጣላም። የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ማየት ጥሩ ነው፦ ጥቁር ወይም የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ካለው ኮምፕሬሰሩ ራሱን እየፈጨ ነበር ማለት ነውና ቱቦዎቹ ሳይታጠቡ አዲስ ኮምፕሬሰር ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። ድራየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጭ ለአዲሱ ጋዝ ስለማይስማማ አብሮ ይቀየራል። ኦሪንጎቹም እንዲሁ።

ከዚያ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣሉ፤ የአዲስ አበባ ከፍታም እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለው። የጌጁ መርፌ የሚያሳየው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንዳነሰ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ጥሩ ፓምፕ መርፌውን ወደ 30 ኢንች ያወርደዋል፤ አየሩ በሳሳበት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ግን 23 ኢንች አካባቢ ይቆማል። የውጭ መመሪያ አንብቦ 29ን የሚጠብቅ ሰው የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። የባሰው ተቃራኒው ነው፦ መርፌው 21 ላይ ሲቆም «ለ23 ሁለት ብቻ ቀረው» ብሎ ማለፍ። ያ ሁለት ኢንች ሲቀር ውሃ ለመፍላት 38 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ እርጥበቱ ተንኖ አይወጣም። የቀረው ውሃ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶም አሲድ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለምን? ሳይታጠብ፣ ሳይቀየር 134 ተሞልቶላቸው ዓመታት የሠሩ መኪናዎች አሉ ይባላል። እውነት ነው። የድሮ የጎማ ቱቦ ዓመታት ሙሉ የጠጣው ዘይት ጋዙን በመጠኑ ያግዳል፤ ደጋ ላይ ብቻ ለሚነዳ መኪናም ግፊቱ አይከብድም። ግን ይህ የአየሩ ውለታ ነው፤ መኪናው ቆላ ሲወርድ አብሮት አይወርድም። በአንጻሩ «ለአዲስ አበባ ኤሲ ምን ያደርጋል፣ መስኮት መክፈት ነው» የሚል ክረምትን ረስቷል፤ ዝናብ ሲወርድ የፊት መስታወቱን ጉም በፍጥነት የሚያጠፋው አየሩን የሚያደርቀው ኤሲ ነው።

አቋራጭ የሚፈልጉም አሉ። አር-22 የተባለውን ሌላ ጋዝ መሙላት ስህተት ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ ግፊቱ 24 ባር ያልፋል፣ የአሮጌ መኪና ኤሲ ደግሞ ለዚያ ግፊት አልተሠራም። የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ጥሩ ያቀዘቅዛል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ ያለው ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ነው፤ ቢያፈስ ተቀጣጣዩ ጋዝ የሚሞላው መኪናውን ነው። ምንጩ ያልታወቀ ሲሊንደርም ዋጋው ሲረክስ ሊያስጠረጥር ይገባል፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ሐሰተኛ 134 ከአሉሚኒየም ጋር ተዋህዶ የማቀዝቀዣ ኮንቴነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል። አር-134ኤም ቢሆን ኦዞንን አይንካ እንጂ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ይከፋል ለሚሉ መልሴ አጭር ነው፦ ልክ ናቸው፤ የአር-12 ግን ወደ 11,000 ይጠጋል። ሁለቱም በማሽን ተስበው ይወጣሉ እንጂ ቫልቭ ተከፍቶ ወደ ሰማይ አይለቀቁም።

ከሁሉም የሚከብደው የዋጋው ክርክር ነው። ኮንደንሰር፣ ድራየር፣ ዘይትና የሥራ ዋጋ ተደምሮ ከአሮጌው መኪና ዋጋ ጋር ሲተያይ ያስቆጫል። ይሁን እንጂ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በመከልከሉ ያለውን መኪና ማቆየት ለብዙው ሰው ምርጫ መሆኑ ቀርቷል። ደጋ ላይ ብቻ የሚነዳና በጀቱ የጠበበ ሰው ኮንደንሰሩን ለጊዜው ማለፍ ይችላል፤ ድራየሩን፣ ዘይቱንና ቫኪዩሙን ግን አይችልም። ሥራው ሲያልቅ የአር-12ቱ ባለጥርስ መሙያ አፍ በ134ቱ ተሰኪ አፍ ይተካል፤ የጋዙ ዓይነት፣ ግራሙና የዘይቱ ስም ደግሞ ኮፈኑ ሥር ይለጠፋል። ቀጣዩ ባለሙያ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅበት ሌላ ቀላል መንገድ የለውም።