የጣና ዳር ወበቅና የመብረቅ ሰዓት

በውጭ አገር የተጻፉ የጂኦግራፊ መጻሕፍትን ስናነብ ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱ ዋና የሙቀት ወራት ናቸው መባሉ ነው። እኛ የጎንደር ልጆች ሐምሌን የምናውቀው በጭቃና በጉም፣ በጋቢና በብርድ ነው። ታዲያ መጽሐፉ ተሳሳተ ወይስ አገራችን ከዓለም ተለየች? መጽሐፉ የሚናገረው ስለ አውሮፓና ስለ ሰሜን አሜሪካ ነው እንጂ አልተሳሳተም። የእኛ ሙቀት ግን የራሱ ወራት አለው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ ከአናታችን በላይ ስለምትሆን ጥላችን ከእግራችን ሥር ይጠፋል፤ ሰማዩም ደመና ስለሌለበት በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ፀሐይ በነሐሴ አጋማሽ እንደገና በአናታችን ላይ ታልፋለች። ዳሩ ግን ያን ጊዜ ደመናው ጋርዷት፣ ዝናቡም ምድሩን አብርዶት ስለሚገኝ ሙቀቱ ከ23 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ያችው ፀሐይ በሚያዝያ ስታቃጥለን በነሐሴ መኖርዋም አይታወቅም።

ሙቀትና ወበቅም አንድ አይደሉም። ሰውነታችን ሙቀትን የሚከላከለው በላብ ነው፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞልን ይሄዳል። አየሩ አስቀድሞ በውሃ ተን የተሞላ እንደ ሆነ ግን ላቡ በቶሎ ሊተን አይችልም፤ በቆዳችን ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ሰውም ታፈንሁ ይላል። ጎርጎራ ከጎንደር 300 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል በሁለት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በሁለት ዲግሪ ብቻ ያን ያህል መጨነቅ ባልተገባ ነበር፤ ነገር ግን ከጣና የሚነሣው ተን ሲታከልበት ከጎንደር ለወረደ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቀዋል። ወደ መተማ ቆላ የወረደማ የዝናቡ መግቢያ ሲደርስ ወበቅ ማለት ምን እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ከገጹ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ ይተናል። ከዚህ የተነሣ የክረምቱን ዝናብ የሚሰጠን ጣና ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይገኛል። እውነቱን ለመናገር ግን የክረምቱ ውሃ አብዛኛው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደኖች፣ ከቀይ ባሕርም ጭምር በነፋስ ተጭኖ ይደርሰናል። የጣና ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። ዝናቡና መብረቁ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ የሚወስኑት ሐይቁና በዙሪያው ያሉት ተራሮች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት ወይም በሰኔ ቀን ፀሐይ ከጧት ጀምሮ ምድሩን ታሞቃለች። መሬት ቶሎ ሲሞቅ ውሃ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ከቀትር በፊት የደምቢያ ሜዳና የወገራ ተራሮች ከሐይቁ ይልቅ ይግላሉ። በመሬቱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፤ በስፍራውም ከሐይቁ በኩል እርጥብ ነፋስ ይገባል። ይህ አየር የተራራውን ጎን ይዞ ሲወጣ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ተኑ ወደ ደመና ይለወጣል። ተኑ ደመና ሲሆን በውስጡ የተሸሸገውን ሙቀት ስለሚለቅ አየሩ እንደገና ኃይል አግኝቶ ሽቅብ ይመዘዛል። ጧት እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ የታየው ደመና ከቀትር በኋላ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይቆምና ሥሩ ይጠቁራል። ስለዚህ በጎንደርና በደጋው ነጎድጓዱ የሚበዛው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። ይህም ተማሪ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት፣ እረኛም ከብቱን ወደ ቤት የሚነዳበት ሰዓት ነው።

ሌሊት ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ምድሩ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ሐይቁ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ያድራል። ቀዝቃዛው ነፋስ ከጉናና ከሌሎቹም ተራሮች እየወረደ ከየአቅጣጫው በሞቀው ውሃ ላይ ይገናኛል፤ በመካከል ያለውም እርጥብ አየር መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሣል። በዚህ ምክንያት በሐይቁ ላይና በደቡቡ ዳርቻ፣ በባሕር ዳርና በዘጌ፣ ብዙው ዝናብ የሚጥለው ከምሽት ጀምሮ በሌሊት ነው። ማታ መረብ ጥሎ በደንገል ታንኳ ላይ የሚመሽበት ዓሣ አጥማጅ የሚፈራው ይህንኑ ነው።

የጎንደርን ዝናብ መለካት የዛሬ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770 በከተማው፣ በ1771 ደግሞ በቁስቋም ሆኖ የሚወርደውን ውሃ በዕቃ እየተቀበለ ለክቶ ነበር። ዛሬ ዝናቡ በየሰዓቱ በመሣሪያና በሳተላይት ስለሚመዘገብ የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ መብረቁ እንመለስ። በደመናው ውስጥ ትናንሽ የበረዶ ቅንጣቶችና ከበድ ያሉ የበረዶ ፍሬዎች ይጋጫሉ። ቀላሎቹ ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ ከባዶቹ ኔጋቲቩን ይዘው ከታች ይቀራሉ። ልዩነቱ አየር ሊችለው ከሚችለው ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ አየሩን ሰንጥቆ ይወርዳል፤ መንገዱም እስከ 30,000 ዲግሪ ይግላል። ይህም ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያህል ነው። በድንገት የጋለው አየር ሲፈነዳ የምንሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። ብልጭታው ወዲያው ሲታየን ድምፁ አንዱን ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭታውን አይቶ እስከ ነጎድጓዱ የቆጠረ ሰው ቁጥሩን ለሦስት ቢያካፍል ርቀቱን ያገኛል። ሠላሳ ሳይሞላ የተሰማ እንደ ሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ወደ ጥሩ ቤት መግባት ይገባል፤ ከመጨረሻውም ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነው።

መብረቅ ከፍ ብሎ የቆመውን ነገር ይመርጣል። አፄ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1694 ተባርኮ በ1707 በመብረቅ ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናየው ሕንፃ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በኮረብታ ላይ ያለ ረጅም ሕንፃ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድለት የብረት ዘንግና ሽቦ ካልተደረገለት ዛሬም ለዚሁ አደጋ የተጋለጠ ነው።

ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር መጠለል በአገራችን የተለመደ ነው፤ እኔ እንደማስበው ከዚህ የከፋ ልማድ የለም። ዛፉን የመታው መብረቅ ከግንዱ ዘልሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ይመታል፤ የቀረው ደግሞ በመሬት ውስጥ ይሠራጫል። አንድ በሬ የፊትና የኋላ እግሮቹ ስለሚራራቁ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልቡ በኩል ያልፋል። በአንድ ዛፍ ሥር የተጠለሉ ከብቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወድቀው የሚገኙት ከዚህ የተነሣ ነው። ሜዳ ላይ የተያዘ እረኛ ከዛፉም ከጉብታውም ርቆ፣ ከጓደኞቹም ተራርቆ፣ እግሮቹን ገጥሞ ቁጢጥ ቢል ይሻለዋል፤ መተኛት ግን አይገባውም። የሣር ጎጆም ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም። ሁሉ ነገሩ ብረት የሆነ መኪና ግን መስኮቱ ከተዘጋ ጥሩ መጠለያ ነው።

መብረቅ የመታውን ሰው የነካ እርሱም ይያዛል ብሎ የሚፈራ አለ። ይህ ስሕተት ብዙ ነፍስ ሊያስጠፋ ይችላል። በሰውዬው ላይ ምንም ኤሌክትሪክ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚቆመው ልቡና ትንፋሹ ስለ ሆነ ወዲያው ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ሊድን የሚችል ሰው አለ።

በረዶውንም ሳላነሣ አላልፍም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረም፣ ፀሐይ በደመናው መካከል እየወጣች ምድሩን ስለምታሞቅ ብርቱ ነጎድጓድ እንደገና ይመጣል፤ እህሉም በማሳ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። በአገራችን ሰማይ በረዶ መቅለጥ የሚጀምረው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ እስከ ጎርጎራ ከ3,000 ሜትር በላይ ሞቃት አየር ስላለ በረዶው በመንገድ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ደባርቅ ግን 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ለመቅለጥ የሚበቃ መንገድ አያገኝም፤ እንዳለ በገብሱ ላይ ይወርዳል።