የፓሚር መንገድ በፔዳል

ማለዳ ከኦሽ የተነሳ መኪና፣ መንገዱ ካልከፋበት፣ በዚያው ቀን ማምሻውን ካራኩል ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ኦሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት የኪርጊዝስታን ከተማ ናት። ካራኩል ግን 3,900 ሜትር ላይ ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በጥቂት ሰዓታት የዘለለው ተሳፋሪ ሌሊቱን ራሱን ሲፈልጠውና ሲያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ሊያነጋ ይችላል። ከሌላው አቅጣጫ፣ ከታጂኪስታኗ ከተማ ከኾሮግ ተነስቶ በብስክሌት ሁለት ሳምንት ያህል ሲወጣና ሲወርድ የሰነበተ መንገደኛ ደግሞ እዚያው ሐይቅ ዳር ባለው መንደር ሾርባውን ጠጥቶ ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ስለ ፓሚር የብስክሌት ጉዞ ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ጽናትን ነው። ለእኔ ግን የጉዞው ምሥጢር ዝግታው ላይ ነው። ብስክሌት እዚህ ተራራ ላይ የሚያዋጣው ቀስ ስለሚል ነው።

መንገዱ በካርታ ላይ ኤም 41 ተብሎ ተጽፏል፤ ሰው የሚያውቀው የፓሚር አውራ ጎዳና በሚለው ስሙ ነው። ከታጂኪስታን ዋና ከተማ ከዱሻንቤ እስከ ኦሽ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከኦሽ እስከ ኾሮግ ያለውን ክፍል ሶቪየቶች የሠሩት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው፤ ወታደርና ስንቅ ወደ ድንበር ለማድረስ። ድንበሩ ራሱ የተሰመረው ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሩሲያና ብሪታንያ ለመካከለኛው እስያ ሲፋጠጡ ነበር። ሩሲያ በ1893 የዛሬዋን ሙርጋብ የጦር ሰፈር አድርጋ ቆረቆረቻት። በ1895 ደግሞ ሁለቱ ኃያላን ግዛቶቻቸው እንዳይነካኩ ዋኻን የተባለውን ቀጭን መሬት በመሐላቸው ለአፍጋኒስታን ተዉት። ብስክሌተኛው ዛሬ ፓንጅ ወንዝን ተከትሎ ሲወጣ በቀኙ ማዶ የሚያየው መንደር፣ አህያ የሚነዳው ልጅና የተከመረው ገለባ አፍጋኒስታን ነው። ወንዙ በአንዳንድ ቦታ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚሻገር ያህል ጠባብ ነው።

ከኾሮግ ወደ ላይ ለመውጣት ምርጫ አለ። ዋናው ጎዳና በጉንት ሸለቆ ያልፋል፤ አጭርና የተሻለ አስፋልት አለው። እኔ ለሚጠይቀኝ የምመክረው ግን በታጂኪስታን በኩል የዋኻንን ሸለቆ የሚከተለውን ነው፤ ይረዝማል፣ ጎርበጥባጣ ነው፣ ነገር ግን ከፍታውን ለሰውነት የሚያለማምደው እሱ ነው። ኾሮግ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ ኢሽካሺም፣ ከኢሽካሺም ወደ ምሥራቅ ላንጋር ድረስ መንገዱ ለቀናት ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ላንጋር ላይም ገና ከ3,000 ሜትር በታች ነው። እስከዚያ እግር ጠንክሯል፣ ሳንባም ለምዷል። ከዚያ በኋላ የኻርጉሽ በር የተባለው የተራራ ማለፊያ ይመጣል፤ 4,344 ሜትር። እሱን ሲሻገሩ እንደገና ወደ አሊቹር ሜዳ፣ ቀጥሎም 3,600 ሜትር ላይ ወዳለችው ሙርጋብ ይወረዳል። ቀን ከፍ ብሎ ማለፍ፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር፦ ሐኪሞች ተራራ ለሚወጣ ሰው የሚሰጡት ምክር በዚህ መንገድ ላይ ራሱ መልክዓ ምድሩ ውስጥ ተጽፏል።

ነገሩ የአየር ግፊት ጉዳይ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እላይም እታችም ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ኦክስጅኑን ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ነው። በፓሚር አውራ ጎዳና ከፍተኛው ነጥብ፣ በአክ ባይታል በር፣ 4,655 ሜትር ላይ፣ ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከስድሳ በመቶ ያነሰ ነው። ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ ከመቶ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ መኪና ያልፋል ማለት ነው። ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ትንፋሽ ማፍጠን ነው። ፈጣኑ ትንፋሽ የደሙን የአሲድ ሚዛን ስለሚያዛባ ኩላሊት ቀስ በቀስ ያስተካክለዋል፤ ይህ ቀናት ይፈጃል። ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል ለማምረት ደግሞ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ነው ከ3,000 ሜትር በላይ ማደሪያን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር አብልጦ ከፍ አለማድረግ፣ በየሦስትና በየአራት ቀኑም ማረፍ የሚመከረው። የደጋ ሰው በዚህ ረገድ የተለየ ታሪክ አለው፤ በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው ሳይጨምር የደማቸው የኦክስጅን መጠን ቆላ ከሚኖር ሰው የማይተናነስ መሆኑን አሳይቷል። ያም ሆኖ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ሰውየው መንገዳገድ ወይም ቁጭ ብሎም ማለክለክ ከጀመረ፣ ከየትም አገር ይምጣ መድኃኒቱ ያው መውረድ ነው። ሳይነጋ፣ ሌላው ቀርቶ ብስክሌቱን ትቶም ቢሆን።

ብስክሌቱ ራሱ የውድድር ብስክሌት አይደለም። አገሩን የሚያውቁ ብስክሌተኞች የብረት አካል ይመርጣሉ፤ ከባድ ነው፣ ሲሰበር ግን የመንደር በያጅ ይበይደዋል። ጎማው ሁለት ኢንች ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሰፋል። ድንኳን፣ ምድጃ፣ ምግብና ውሃ በጎንና በጎን በተንጠለጠሉ ቦርሳዎች ይጫናሉ። ቁም ነገሩ ማርሹ ነው። ፊት 22 ጥርስ፣ ኋላ 36 ጥርስ ያለው ማርሽ ሲገባ፣ አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን ወደፊት የሚያስኬደው 1.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደቂቃ ስድሳ ጊዜ የሚያዞር ሰው በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመዋል። ግን ጉልበቱ ሳይነድና ትንፋሹ ሳይቆረጥ፣ ከሠላሳ ኪሎ የማያንስ ጭነት ይዞ ዳገቱን ይጨርሳል። ፍጥነት ቢፈልግም አየሩ አይፈቅድለትም።

መንገደኛን ከዳገት ይበልጥ የሚያማርረው ጠጠሩ ነው። በብዙ ቦታ መንገዱ በመስመር በመስመር ተሸብሽቦ የፔዳሉን ምት ይሰብራል፤ መዳፍ ይደነዝዛል፣ ብሎን ይላላል። ሽብሽቡን የሚፈጥረው የጎማው ፍጥነት ነው። ጎማ በላላ መሬት ላይ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሄድ በትንሿ እብጠት ላይ ይነጥራል፣ ሲወድቅ መሬቱን ይጎደጉዳል፣ ተከታዩ መኪናም ያንኑ ያጠልቀዋል። ከቻይና በቁልማ በር የሚገቡት የጭነት መኪናዎች ይህን ሥራ ሳያቋርጡ ይሠራሉ።

ዋኻን ውስጥ ማደሪያ ችግር አይደለም፤ በየመንደሩ እንግዳ የሚቀበል ቤት አለ። የፓሚር ቤት አምስት ምሰሶ አለው። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ኢስማኢሊ የተባለው የሺዓ እስልምና ክፍል ተከታዮች ስለሆኑ ምሰሶዎቹን የነቢዩ መሐመድ፣ የዓሊ፣ የፋጢማ፣ የሐሰንና የሑሴን አድርገው ያዩአቸዋል። ብርሃን የሚገባው በጣሪያው መሐል አንዱ በሌላው ላይ ዞረው በተደረደሩ አራት ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፎች በኩል ነው። ቁርሱ ሺር ቻይ ነው፦ ሻይ ከወተት፣ ከጨውና ከቅቤ ጋር። ቡናውን በጨውና በቅቤ የለመደ የአገራችን ሰው ሁለተኛውን ሲኒ ይጠይቃል። ይህ ሕዝብ ሁልጊዜ የሚያካፍለው አልነበረውም። ከ1992 እስከ 1997 በታጂኪስታን የእርስ በርስ ጦርነት ሲካሄድ ፓሚር የሚገኝበት የባዳኽሻን ክልል ከተቀረው አገር ተቆርጦ ነበር፤ ከረሃብ ያተረፈው የኢስማኢሊዎች መንፈሳዊ መሪ የአጋ ኻን ድርጅት በዚሁ ጎዳና ከኦሽ በኩል ያስገባው እህል ነው። ዳቦ ቆርሶ ለማያውቀው ብስክሌተኛ የሚሰጥ ሽማግሌ ያን ዘመን ያየ ሰው ነው፤ እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ከላንጋር በላይ ሁሉም ይለወጣል። ዛፍ ይቀራል፣ እርሻም ይቀራል፤ ከዚያ እስከ አሊቹር ሱቅ ስለሌለ የሦስትና የአራት ቀን ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል። ሙርጋብ አካባቢ የሚኖሩት በአብዛኛው ኪርጊዞች ናቸው፤ በበጋ በሱፍ ድንኳን እየተቀመጡ ያክ የተባለውን ጠጉራም የተራራ ከብት ያረባሉ። የሙርጋብ ገበያ የተሠራው ከጭነት ኮንቴይነሮች ነው። የሶቪየት የድንጋይ ከሰል መምጣቱን ሲያቆም ሰዉ ቴረስከን የተባለውን አጭር ቁጥቋጦ ከነሥሩ እየነቀለ ማገዶ አደረገው፤ ከበርካታ መንደሮች ዙሪያ ያለው መሬት የተራቆተው በዚህ ነው።

ወደ አክ ባይታል የሚወስዱት የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጠጠርና ቀጥ ያለ ዳገት ናቸው፤ ብዙው ሰው ወርዶ ይገፋል፣ መግፋትም ነውር የለውም። ከበሩ ማዶ ካራኩል ይገኛል። ሐይቁ የተኛው ተወርዋሪ አካል ከሰማይ ወድቆ በፈጠረው፣ ወርዱ 52 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ውሃው ጨዋማ ነው። በመንገዱ ዳር ለብዙ ኪሎ ሜትር የሚከተለው የሽቦ አጥር ሶቪየቶች በቻይና አቅጣጫ ያጠሩት ነው። ቀጥሎ ኪዚል አርት፣ 4,280 ሜትር፣ የታጂኪስታንና የኪርጊዝስታን ድንበር። ከዚያ ወዲያ 7,134 ሜትር የሚረዝመውን የሌኒን ጫፍ ወደ ኋላ እየተዉ ወደ አላይ ሸለቆ ይወረዳል።

ስለ አደጋው መናገር ግዴታ ነው። በሐምሌ 2018፣ ከዱሻንቤ በስተደቡብ ምሥራቅ በዳንጋራ ወረዳ፣ አራት የውጭ አገር ብስክሌተኞች መንገድ ላይ ጥቃት ደርሶባቸው ተገደሉ፤ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ኃላፊነቱን ወሰደ። ስለ ፓሚር ጉዞ የሚጽፍ ሰው እነሱን ሳያነሳ ማለፍ የለበትም። በ2021 ደግሞ ታጂኪስታንና ኪርጊዝስታን በድንበር ተዋግተው ኬላዎች ተዘጉ፤ የድንበር ስምምነቱ የተፈረመው በመጋቢት 2025 ነው። ስለዚህ ከቪዛው ሌላ ባዳኽሻን ለመግባት የሚያስፈልገውን የተለየ ፈቃድ ከማውጣት ጋር፣ ኪዚል አርት ለውጭ ዜጋ ክፍት መሆኑን ከመነሳት በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ለጉዞው የሚሆነው ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሰኔ በሮቹ ላይ ገና በረዶ ይኖራል፤ በሐምሌ የሚቀልጠው በረዶ ጅረቶቹን ይሞላል። ነሐሴ ማብቂያና መስከረም ይሻላሉ፦ ውሃው ጎድሏል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሆነ፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ክብደት ለመቀነስ ተብሎ የሚተው ዕቃ አይደለም።