ድንቹና የጀሪካኑ ክዳን

ልጃገረዶች ከትምህርት በኋላ ወደ ልምምድ ሲመጡ በእጃቸው የያዙትን ማየት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የመጀመሪያ ሥራው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ደብተር ይዛ የመጣችውን አሠልጣኟ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ሊያቆያት ይችላል፤ የጀሪካን ክዳን በመዳፏ ጨብጣ የመጣችው ግን፣ ውኃ ቀድቼ እመለሳለሁ ብላ ከቤት የወጣች ናትና፣ ጀሪካኗን በቦኖው ወረፋ አስይዛ የምትሰጠን ጊዜ ከፊቷ በተደረደሩት ጀሪካኖች ቁጥር ይለካል። ቀድሞ በቢቸና ያየሁት ይህ ነበር፤ ዛሬ በማስተምርባት በሞጣም ክዳኑ ያው ክዳን ነው።

በቢቸና በመጀመሪያው ዓመት ይህን ምሥጢር ሳላውቅ፣ የዘገየችውንና ልምምዱ ሳያልቅ የሄደችውን ሁሉ ሥርዓት የላትም እያልሁ ከቡድኑ አሰናብት ነበር። ከእነዚያ መካከል አንዲቱ፣ ከወንዶቹ ሁሉ የምትፈጥነው፣ ተመልሳ አልመጣችም፤ ይህም እስከ ዛሬ ኅሊናዬን ይወቅሰኛል።

ራግቢን ወደ ሜዳችን ያመጣሁት በዚሁ በጊዜ ጥበት ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ የሰባት ለሰባት ራግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፣ የጎረቤታችን የኬንያ ሴቶች ተሰልፈው፣ አውስትራሊያም በሴቶቹ ፍጻሜ ኒው ዚላንድን 24 ለ 17 አሸንፋ ስመለከት፣ አጋማሹ 7 ደቂቃ፣ ጨዋታው በጠቅላላው 14 ደቂቃ ብቻ መሆኑን በአንክሮ አስተዋልሁ፤ የአንድ ቦኖ ወረፋ ሁለት ግጥሚያ ያጫውታልና። ኳሱ ግን ከየት ይምጣ! የተቀደደ የእግር ኳስ ቆዳ በጤፍ ጭድ ሞልተን፣ ሁለቱን ጫፎች አሹለን ሰፋነው፤ ልጆቹም ወዲያው «ድንቹ» ብለው ሰየሙት። ድንቹ በእጅ ወደ ፊት አይወረወርም፤ ለጓደኛ የሚሰጠው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ፊት የሚወስደው የተሸካሚዋ እግር ሲሆን፣ ከተጋጣሚው መሥመር ማዶ መሬት ያስነካችው 5 ነጥብ ታስቆጥራለች።

የቢቸና ዋልካ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ በጥር ተሰነጣጥቆ እንደ ጡብ ይደርቃል፣ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ባላጋራን አቅፎ መጣልን አስተምር የነበረው ዝናቡ አብቅቶ ምድሩ ገና ለስላሳ በሆነባቸው በጥቅምት መባቻ ሳምንታት ነበር፤ በቀሩት ወራት በሁለት እጅ መንካት ይበቃን ነበር። ራስን ከምትወድቀው ልጅ በስተኋላ ማኖር፣ ከዝላይ ሲወርዱ ጉልበትን አጠፍ ማድረግ፤ ይህን የኋለኛውን እጅግ አጥብቄ እመለከታለሁ፣ የልጃገረዶች የጉልበት ጅማት ከወንዶች ይልቅ አብዝቶ ይጎዳልና። በልማደ አንስት ምክንያት የቀረችውንም ለምን ቀረሽ አልላትም። ስለ ብርታት ግን ያስተማርኋቸው ነገር የለም፤ 20 ሊትር ውኃ አዝላ ዳገት የምትወጣን ልጅ እኔ ምን ላስተምራት?

«ይህ ጨዋታ የት ያደርሰናል?» ሲሉኝ ስለ ሎዛ አበራ እነግራቸዋለሁ፤ ከዱራሜ ተነሥታ፣ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት ተጫውታ፣ የሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን የሉሲ አምበል እስከ መሆን ደርሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ስለ ተሻገረችው። እርግጥ የሎዛ ኳስ ክብ ነው፤ ለድንቹ ገና መንገድ አልተጠረገለትም፣ ከልጆቹም ብዙዎቹ ወደ ክቡ እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ አልከፋም።

በቢቸና ሳለሁ፣ ከሞጣ ልጆች ጋር ለመጋጠም በደብረ ወርቅ በኩል በቅጥቅጥ የምንጓዝበት ቅዳሜ ሲቃረብ፣ የአንዲቱ ተጫዋች አባት፣ በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ መሪጌታ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው በሜዳው ዳር ከካቡ ላይ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ልጄን መሬት ይጥሏታል አሉኝ።»

«ጣይዋስ እርሷ ናት፣ የኔታ።»

መልስ አልሰጡኝም። ልጆቹ ገደድ ባለ መሥመር ሆነው ድንቹን ከቀኝ ወደ ግራ እየተቀባበሉ ሲሮጡ ብዙ ቆይተው ተመለከቱ፤ ኋላም በመቋሚያቸው መሬቱን ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር። «ቀኝ ጌታ ያነሣል፣ ግራ ጌታ ይቀበላል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

ልጅቱ ላብ አጥምቋት ከፊታቸው ስትቆም፣ ወረፋው ሊያልፋት ነበርና፣ መዳፏን ገልጣ ክዳኑን አሳየቻቸው። መሪጌታም ከእጇ ወስደው አጠገባቸው ለተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ሰጡትና በመቋሚያቸው ጫፍ ወደ ቦኖው አመለከቱት።