ዒላማ የሚስት ጠመንጃ፦ ተረትና እውነታ

በአሜሪካ ብዙ የዒላማ ተኩስ ወዳጆች የኤአር-15 ጠመንጃን ክፍሎች ገዝተው ቤታቸው ይገጣጥማሉ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው። የተገጣጠመው ጠመንጃ ዒላማ ሲስት ታዲያ ብዙዎች አዲስ ዕቃ ለመግዛት ይጣደፋሉ። መፍትሔው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው እጃቸው ላይ ነው። ማንኛውም ፍተሻ የሚጀመረው ካዝናውን ነቅሎ፣ ጥይት መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይን በማረጋገጥ ነው።

ተረት 1፦ «ጥፋቱ የበርሜሉ ነው።»
እውነታ፦ በርሜል የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን። መጀመሪያ የማነጣጠሪያ መነጽሩን የያዙት ብሎኖች አለመላላታቸው ይታይ። መነጽሩ በጥቂቱ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ምርጥ በርሜልም አያድንም። ቀጥሎ በርሜሉን ከአካሉ ጋር የሚያስረው ዳዶ በአምራቹ ልክ መጥበቁ፣ የአፈሙዙም ጫፍ አለመጫጫሩ ይመርመር። ጫፉ ከተጎዳ የባሩዱ ጋዝ በአንድ ወገን ቀድሞ ይወጣና አረሩን ከመስመር ያስወጣዋል።

ተረት 2፦ «ሦስት ጥይት ተኩሼ አውቄዋለሁ።»
እውነታ፦ ሦስት ጥይት ዕድልን እንጂ ጠመንጃን አያሳይም። አሥር ጥይት ወይም ደጋግሞ አምስት አምስት መተኮስ የተሻለ ፍርድ ይሰጣል። ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ከመሃል ከራቁ የሚያስፈልገው ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ብቻ ነው። ከተበታተኑ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

ተረት 3፦ «ጥይት ሁሉ አንድ ነው።»
እውነታ፦ በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን ያሽከረክረዋል፤ ከብዶ የረዘመ አረር ፈጣን ሽክርክሪት ይሻል። የኤአር-15 ወታደራዊ ዝርያ የሆነው የቀድሞው ኤም16 ቦይ በ12 ኢንች አንዴ ይዞር ነበር፤ ይህም ለ55 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ) አረር ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከ62 ግሬይን አረር ጋር የመጣው ኤም16ኤ2 ግን በ7 ኢንች አንዴ የሚዞር ተደረገለት። በዝግተኛ ቦይ 77 ግሬይን የተኮሰ ሰው ወረቀቱ ላይ ሞላላ ቀዳዳ ሊያገኝ ይችላል፤ አረሩ እየተገለባበጠ በጎን መምታቱ ነው። የተለያዩ የጥይት ዓይነቶችን መሞከር በርሜል ከመቀየር ይረክሳል።

ተረት 4፦ «በርሜል በረዘመ ቁጥር አይስትም።»
እውነታ፦ ርዝመት የሚጨምረው የአረሩን ፍጥነት ነው። እኩል ውፍረት ካላቸው ሁለት በርሜሎች አጭሩ እንዲያውም ይበልጥ ግትር ስለሆነ ያነሰ ይርገበገባል።

ተረት 5፦ «እኔ አልስትም።»
እውነታ፦ ጠንካራ ምላጭ ሲሳብ እጅን ያንቀሳቅሳል። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ደግፈው ይተኩሱ፤ ልምድ ያለው ሌላ ሰውም ይሞክረው።

በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ውጤቱንም ይጻፉ። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ የዋጠ በሽተኛ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። የተተኮሰው ቀለህ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ የዒላማ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ተኩሱን ወዲያውኑ ያቁሙና ጠመንጃውን ለባለሙያ ያሳዩ።