አንድ በእጅ
(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)

ደብተራችሁን፣ እርሳሳችሁንና አንድ እፍኝ ጠጠር አቅርቡ። ጠጠር ካጣችሁ ባቄላም ይሆናል። ለምን እንደሚጠቅም ቆይተን እናያለን።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሒሳብ ነው። ይኸውም ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብን ሳይፈሩ፣ እንዲያውም እየወደዱ፣ እንዴት ሊማሩ እንደሚችሉ ነው። «ይህ የመምህር ጉዳይ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ያገባዋል እንጂ! ማታ ልጃችሁ ደብተሯን ይዛ ስትቀመጥ መምህሯ በቤቱ ነው። አጠገቧ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ምሳሌ እንዲሆነን ወደ አዊ ዞን፣ ወደ ኮሶበር እንሂድ። ኮሶበር የእንጅባራ ሌላ ስሟ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አገሩ ደጋ ነው። ድንቹ፣ ገብሱ፣ ፈረሱና ቀርከሃው የታወቀ ነው። እኛም ዛሬ ሒሳባችንን የምንሠራው በእነዚሁ ነው።

ሒሳብ ለምን ያስፈራል?

ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ በፊት ሒሳብ ያውቃል። ትንሹ እረኛ ከበጎቹ አንዲቷ ብትጎድል ወዲያው ይነቃል። እንጀራ ለአራት ሲካፈል የእሱ ቁራሽ ካነሰች «ለምን?» ብሎ ያኮርፋል። ይህ ሁሉ ሒሳብ ነው።

ታዲያ ይኸው ልጅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ 27 + 16 ተጽፎ ሲያይ ለምን ይደነግጣል? በሜዳ የሚያውቀው ቁጥር በግ ነበረ። የሰሌዳው ቁጥር ግን ለእሱ ጭረት ብቻ ነው። በጉንና ጭረቱን የሚያገናኝለት ሰው ካላገኘ፣ ሒሳብ ማለት ሳይገባ የሚሸመደድ ነገር ይመስለዋል። የሸመደደውን ሲረሳ ይሳቅበታል፤ አንዳንዴም ይመታል። ከዚያ ወዲያ ዝም ይላል። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ቀስ በቀስ ከትምህርት ቤት ይቀራል።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። ሒሳብ ያልገባው ልጅ አድጎ ገበያ ሲወጣ የሸጠበትን ገንዘብ ቆጥሮ መቀበል ይቸግረዋል። የማዳበሪያ ዕዳው ስንት እንደደረሰ ሌላ ሰው ይነግረዋል። የነገሩትን ማመን እንጂ ማጣራት አይችልም።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ተጨምሯል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ብዙ ልጆች የትምህርት ዓመት አምልጧቸዋል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ የሚሠራው ዘዴ በቤትም፣ በዛፍ ጥላ ሥርም መሥራት አለበት። ዛሬ የምንናገረው ዘዴ እንደዚያ ያለ ነው። ወጪ የለውም።

የመጀመሪያው ዘዴ፦ የቀርከሃ ስንጥር

በእንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ ሞልቷል። ወንበር፣ ቅርጫትና አጥር ይሠራበታል። ከሥራው የተረፈውን ስንጥር እንሰብስብ። ጣት በሚያህል ርዝመት እንቁረጠው። ልጅ እንዳይወጋ ጫፉን እናለዝበው። ከዚያ አሥር አሥሩን በክር እንሰር። አንዱ እስር አሥር ነው፤ ያልታሠረው ደግሞ አንድ አንድ ነው።

አሁን 27 ስንጥር አቅርቡ እንበል። ልጆቹ 2 እስርና 7 ነጠላ ያስቀምጣሉ። ቀጥሎ 16 አቅርቡ እንበል። 1 እስርና 6 ነጠላ ያመጣሉ። አንድ ላይ እንቀላቅለው። ነጠላዎቹ 7 እና 6፣ ድምራቸው 13 ሆነ። ከ13ቱ አሥሩን እንሰር። 3 ይቀራሉ። እስሮቹን እንቁጠር፦ 2፣ 1፣ አሁን የታሠረው ደግሞ 1፤ በጠቅላላው 4 እስር። አራት እስርና ሦስት ነጠላ 43 ነው።

ብዙ ልጅ ይህንኑ በደብተር ሲሠራ 313 ይላል። ለምን? 7 እና 6 ሲደመር 13 ነው ይልና 13ን እንዳለ ይጽፋል። ከዚያ 2 እና 1 ሲደመር 3 ነው ይልና ከፊቱ ይጽፈዋል። መምህሩ «3 ጻፍ፣ 1 በእጅ ያዝ» ብሎት ነበር። ልጁ ግን እጁን ቢያይ ባዶ ነው! ምን እንደያዘ አያውቅም። በስንጥር ሲሠራ ግን አሁን ያሠራት እስር በእጁ ናት። ያያታል፤ ይዳስሳታል። «አንድ በእጅ» ማለት አንድ እስር፣ ማለትም አሥር እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በግዕዝ ቁጥር ሃያ የራሱ ምልክት አለው፤ ፳ ተብሎ ይጻፋል። ሰባት ደግሞ ፯ ነው። ስለዚህ ሃያ ሰባት ፳፯ ይሆናል። 27 ተብሎ ሲጻፍ ግን 2ን ሃያ የሚያሰኘው የቆመበት ቦታ ነው። የቆመው በአሥር ቤት ነውና ሁለት እስር ማለት ነው። 20 ሲጻፍ ዜሮዋ «በአንድ ቤት ምንም ነጠላ የለም» ትላለች። ይህ ለአዋቂም ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ ቢሳሳትበት ሰነፍ አይባልም።

ስንጥሩ ግን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ልጁ በእጁ ከሠራ በኋላ በሥዕል ይሥራው። ለእስር ረጅም መስመር፣ ለነጠላ ነጥብ ያድርግ። ሥዕሉ ሲለመደው በቁጥር ብቻ ይጻፈው። ቅደም ተከተሉ እጅ፣ ሥዕል፣ ቁጥር ነው። በሒሳብ ትምህርት ስሟ የገነነው ሲንጋፖርም ከፈረንጆች 1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሕፃናቷን የምታስተምረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ሁለተኛው ዘዴ፦ ጣትና ቋንቋ

አንዳንድ ሰው ልጅ በጣቱ ሲቆጥር ሲያይ «ጣትህን ተው!» ይላል። ተዉት፤ ይቁጠር። ጣት ከሁሉ በፊት የተሰጠን መቁጠሪያ ነው። የአዊኛ ተናጋሪ የሆናችሁ አድማጮች፣ እስቲ በቋንቋችሁ ሁለት በሉ፤ ቀጥሎ ሰባት በሉ። ሦስት በሉ፤ ቀጥሎ ስምንት በሉ። ቃሎቹ ይመሳሰላሉ አይደል? የአገው ቋንቋዎችን ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ሰባት የተባለው አምስት ላይ ሁለት፣ ስምንት የተባለው ደግሞ አምስት ላይ ሦስት ተብሎ ነው። አንድ ሙሉ እጅና ሁለት ጣት፣ አንድ ሙሉ እጅና ሦስት ጣት ማለት ነው። አባቶች ሒሳቡን በቃሉ ውስጥ አስቀምጠውታል። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ይህን የመሰለ ሀብት ያገኛል። መምህሩም ይህንኑ በክፍል ውስጥ ያስለው፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲያገኙት ደስታቸው ልዩ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ፦ ጨዋታ

አሁን ጠጠራችሁን አንሡ። ገበጣን ታውቃላችሁ። አንዱ የገበጣ ዓይነት 12 ጉድጓድ አለው፤ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ይገባል። መምህሩ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት «ስንት ጠጠር እንልቀም?» ብሎ ይጠይቅ። አንዱ ልጅ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሌላዋ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት እያለች ትሄዳለች። ሦስተኛው «አንዱ ረድፍ 24 ነው፤ ሁለቱ ረድፍ 48 ነው» ይላል። ሁሉም 48 ደረሱ። ማባዛት ምን እንደሆነ ጠጠሩ አስተማራቸው። የማባዣ ሠንጠረዡን ከዚያ በኋላ ቢያጠኑት ትርጉም አለው።

ስድሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ሲሆን ጨዋታ ይከብዳል የሚሉ አሉ። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው ደጅ ወጥተው ጉድጓድ ይማሱ። መምህሩ እየዞረ ይጠይቅ።

በማጠፍ ማባዛት የሚባል ዘዴም አለ። በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ ይታወቃል። የጥንት ግብፃውያንም እንዲሁ ያጥፉ እንደነበር ከ3,500 ዓመት በፊት የተጻፈ የሒሳብ ጽሑፍ ያስረዳል። እንሞክረው። አንድ ኪሎ ድንች 25 ብር ቢሆን 9 ኪሎ ስንት ነው? በግራ በኩል 9፣ በቀኝ በኩል 25 ጻፉ። ግራውን በግማሽ ቀንሱ፤ ትርፉን ጣሉት። ቀኙን እጠፉ።

9 . . . 25
4 . . . 50
2 . . . 100
1 . . . 200

አሁን ግራው ለሁለት እኩል የሚከፈልበትን መስመር ሰርዙ። 4 እና 2 ይሰረዛሉ። የቀረው በቀኝ በኩል 25 እና 200 ነው። ደምሩት፤ 225 ብር። ምሥጢሩ ምንድን ነው? 9 ማለት 1 እና 8 ነው። አንድ ጊዜ 25፣ 25 ነው። ስምንት ጊዜ 25፣ 200 ነው። ማጠፍና መደመር የሚችል ሰው ሁሉ በዚህ መንገድ ማባዛት ይችላል ማለት ነው።

አራተኛው ዘዴ፦ ተረትና ኑሮ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ማካፈልን ያስተምራል። ሃምሳው ሎሚ ለሃምሳ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል? አንድ። ለ25 ሰውስ? ሁለት። ለ10 ሰውስ? አምስት። ሰው ሲበዛ ድርሻ ያንሳል። ይህ የገባው ልጅ ክፍልፋይን አይፈራም። ብዙ ልጅ ሩብ ከግማሽ ይበልጣል ይላል፤ 4 ከ2 ይበልጣላ! አንድ እንጀራ ለሁለት፣ ሌላውን ለአራት ቆርሳችሁ አሳዩት። የትኛው ቁራሽ እንደሚሻል ሆዱ ይነግረዋል።

በአዊ አገር ፈረስ ክብር አለው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዓሉም ጥር 23 ቀን ይከበራል። «ሰባት ቤት አገው» ይባላልና መምህሩ እንዲህ ይጠይቅ፦ ሰባት ፈረሰኞች በሰባት ፈረሶች ላይ ተቀምጠው መጡ። የሰዉም የፈረሱም እግር በአንድ ላይ ስንት ነው? አንዷ የፈረሶቹን 28፣ የሰዎቹን 14 ብላ ትደምራለች። አንዱ ደግሞ ፈረስና ፈረሰኛ በአንድ ላይ 6 ነው ብሎ 6ን በ7 ያባዛል። ሁለቱም 42 ያገኛሉ። ሁለቱም ለጓደኞቻቸው ያስረዱ። ቀጥሎ ልጆቹ ከራሳቸው ኑሮ ጥያቄ ይፍጠሩ። ጥያቄ የሚያወጣ ልጅ መልስ አይፈራም።

ስሕተት ሲመጣ

ከዘዴው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ልጅ 313 ቢል «ተሳስተሃል!» ብላችሁ አትቆጡ። «እንዴት አገኘኸው?» በሉት። ሲያስረዳ ሐሳቡ የት ላይ እንደተጣመመ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ደግሞ እያስረዳ ሳለ ራሱ ያቀናዋል። የተመታ ልጅ የሚማረው ስሕተቱን መደበቅን ነው። የተደበቀ ስሕተት ደግሞ እንደተደበቀ ቁስል ነው፤ ውስጥ ውስጡን ይሰፋል።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተም በቤት ውስጥ ይህን አድርጉ። ልጃችሁን ገበያ ይዛችሁ ሂዱ፤ መልሱን እሷ ትቁጠር። ድንቹን ስትከምሩ ስንት ቁና እንደሚሆን አስቀድማ ትገምት፤ ኋላም ስፈሩና ታረጋግጥ። «እኔም በልጅነቴ ሒሳብ አልሆነልኝም» አትበሏት፤ ልጅ ወላጁ የፈራውን ይፈራል። እናንተ ለዓመታት ዘር ስትሰፍሩ፣ ዕቁብ ስትጥሉ፣ ከብት ስትቆጥሩ ኖራችኋል። ሒሳቡ በእጃችሁ አለ። አሁን ደግሞ መጻፉን ተምራችኋል። ልጃችሁን ለመርዳት ሁለቱ ይበቃሉ።

የዛሬው መልመጃ

1. 38 + 25 ስንት ነው? በስንጥር ወይም በእንጨት ሥሩት።
2. አንድ ኪሎ ገብስ 60 ብር ቢሆን 5 ኪሎ ስንት ነው? በማጠፍ ሥሩት።
3. የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ዘንድሮ ስንት ዓመቱ ነው? ከዘንድሮው ዓመተ ምሕረት ላይ 1932ን ቀንሱ።

የመጀመሪያው መልስ 63፣ የሁለተኛው 300 ብር ነው። ሦስተኛው በየዓመቱ አንድ ስለሚጨምር ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ አግኙት። የሠራችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ። ለዛሬው በዚህ ይበቃናል።