ከአሥራት እስከ ዕቁብ፦ እምነትና የቤት ገንዘብ

ስለ እምነትና ገንዘብ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ መስጠት ይሄዳል፦ አሥራት፣ ስእለት፣ ዘካ፣ ምጽዋት። ምእመኑን እንቅልፍ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕዳ ነው። ሃይማኖቶቻችንም ስለ ዕዳ ዝም አላሉም። ኦሪት ዘዳግም እስራኤላዊ ለወንድሙ በወለድ እንዳያበድር ይከለክላል፤ ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል፤ ቁርኣን ሪባን (ወለድን) ሐራም አድርጎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የብድር ወለድ በስምምነትም ቢሆን በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ አበጅቷል። አራጣ አበዳሪው ግን በዓመት ሳይሆን በወር ነው የሚቆጥረው።

ከሪባ ክልከላ የተነሣ ብዙ ሙስሊም ነጋዴ ለዓመታት ባንክ ሲሸሽ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ። በ2019 የባንክ ሥራ አዋጁ ሲሻሻል ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተቻለ፤ ዘምዘም ባንክም በ2021 በቀዳሚነት ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ነፃ ብድር አይደለም። ሙራባሃ በሚባለው ውል አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ብትፈልግ፣ ባንኩ ራሱ በ40 ሺህ ብር ገዝቶ፣ ትርፉን ገልጾ፣ በ46 ሺህ ብር በየወሩ እየከፈለች እንድትወስደው ይሸጥላታል። ክፍያው ቢዘገይ ዋጋው እያደገ አይሄድም። ዕዳዋን ከመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ታውቀዋለች፤ ለእኔ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ዘካም የራሱ ትምህርት አለው። በብዙዎች ስሌት የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የሚያህል ሀብት ያለው ሰው፣ ሀብቱ አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ከመቶ 2.5 ያወጣል፤ ከእያንዳንዱ 200 ሺህ ብር 5 ሺህ ማለት ነው። ይህን ለማስላት ጥሬ ገንዘብን፣ ሸቀጥን፣ ዕዳን አንድ በአንድ መመዝገብ ግድ ነው። ስለዚህ ዘካ በዓመት አንድ ጊዜ የቤቱን ሒሳብ ያስመረምራል። አሥራት በአንጻሩ ከገቢ ላይ የሚወጣ ነው። በወንጌላውያን ዘንድ ከግብር በፊት ካለው ደመወዝ ይሁን ከተጣራው ይሁን እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የሰጠ ሁሉ ይበለጽጋል የሚለው ስብከት የቤት ኪራዩን ሳይከፍል አሥራት የሚያወጣ አባወራ ያፈራል።

በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ጎልቶ የኖረው ፈተና ለሟች መታሰቢያ የሚደረገው ተዝካር ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሻው ጸሎቱንና ለድሃ የሚደርሰውን ምጽዋት ሆኖ ሳለ፣ በይሉኝታ የተደገሰው ድግስ በሬ ያሸጠበት፣ ልጅ ከትምህርት ያስቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ዕድር የቀብሩን ወጪ ይሸከማል፤ ተዝካሩ ግን በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ይቀራል።

ዕቁብ ወለድ ስለሌለው ሁሉም ያለ ሥጋት ይገባበታል። ችግሩ ቸኩሎ ዕጣ የሚገዛ ሲመጣ ነው። 100 ሺህ ብር የደረሰው ሰው ዕጣውን ለቸገረው አባል አስተላልፎ 5 ሺህ ብር ቢቀበል፣ ያች 5 ሺህ የተራ ዋጋ ናት ወይስ ወለድ? በየዕቁቡ በየጊዜው የሚፈጸም ነገር ነውና ካህናቱም ኡለማዎቹም ቁርጥ ያለ መልስ ቢሰጡበት ብዙ ሕሊና ያርፍ ነበር።